አንተ የለሰንከው ጤና ጣቢያ

ተሾመዬ፣ የቤቴ ምሰሶ፣ እንደምን አለህልኝ? ለሞተ ሰው እንዲህ እንደማይባል አይጠፋኝም፤ እጄ ግን ደብዳቤ ሲጀምር ሌላ አያውቅበትም። ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ፤ ሦስተኛው ሊገባ የካ አባዶ ላይ ደመናው ተንጠልጥሏል።

ቤታችን ደህና ነው። አራተኛ ፎቅነቱ ያው ነው፤ ውኃውም እንደ ድሮው ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ፊት ለፊታችን የነበረው የጤፍ ማሳ ላይ ሌላ ብሎክ በቅሏል። ልጃችን ሰላም ወሎ ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ሆናለች። አንተ የለሰንካቸው ፎቆች አጠገብ ስታልፍ ለጓደኞቿ "ይሄ የአባዬ ነው" ትላቸዋለች አሉ። ከቦሌ እስከ ገርጂ ያለውን ግማሹን ብቻህን የለሰንከው ነው የሚመስላት፤ እኔም አላርማትም።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ እህትህ፣ ስለ እትዬ አስካለ ነው። አትደንግጥ፣ ደህና ናት። ከሥሩ ልንገርህ።

በመጨረሻው ዓመትህ ሰው ሁሉ ውፍረትህን ሲያደንቅ ትዝ ይልሃል? ሕንፃ እንደ እንጉዳይ የሚፈላበት ጊዜ ነበር፤ ሥራው አልቋረጥ ብሎህ፣ ኮንዶሚኒየሙም ደርሶን። ፊትህ ሞላ፣ ሆድህ ገፋ፤ "ተሾመ ተመችቶታል" ተባለ። በዘመድ ሠርግ ጥቁሩ ጫማህ እምቢ ብሎህ በነጠላ ጫማ ስትጨፍር፣ እትዬ አስካለ ራሷ ናት "ሀብት ከእግር ይጀምራል" ብላ ያሳቀችን። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ባል ሲወፍር የምትመሰገነው ሚስት አይደለች? ደረጃው መሀል ቆመህ ስትተነፍስ፣ አራተኛ ፎቅ እየኖረ የማያለከልክ ማን አለ አልን። ሳልህን ሲሚንቶ ነው አልን። ትራስ ደራርበህ፣ ኋላም ተደግፈህ መተኛት ስትጀምር ብርድ ነው አልን። ለሁሉም ስም ነበረን።

ጤና ጣቢያ ሂድ ስልህ "ምን ላደርግ? ልከተብ ነው ወይስ ልወልድ?" ያልከኝ አሁንም ያስቀኛል፣ ያስለቅሰኛልም። እዚያ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ብቻ ይመስለን ነበር። ወንድ ሲታመም ሆስፒታል ነው፤ ያውም ከወደቀ በኋላ። ከብሎካችን በታች ያለውን ጤና ጣቢያ ግድግዳ እኮ የለሰንከው አንተው ነህ። ባለፍን ቁጥር "እጄን እዪልኝ" ትለኝ ነበር። መለሰኛህን ይዘህ ስንት ጊዜ የወጣህ የገባህበትን በር፣ ለራስህ አንድ ቀን ሳትገባበት ቀረህ።

አንተም ወድቀህ ሆስፒታል ስንደርስ ልብህ ደክሞ ውኃ ሳንባህ ገብቶ ነበር። ሐኪሙ "ስንት ትራስ ነው የሚደራርበው?" ብሎ ጠየቀኝ። ትራስና ልብን ምን አገናኛቸው ብዬ ግራ ገባኝ። ልብ ሲደክም ሰውነት ውኃ ይይዛል፣ ያኔ ሰው ጋደም ሲል ይታፈናል ብሎ አስረዳኝ። ያ ጥያቄ ልቤ ውስጥ ቀረ።

ባለፈው ጥምቀት እትዬ አስካለ ከገርጂ መጥታ እኛ ጋ አደረች። ሱቋ ቀንቶላታል፣ ፊቷ ሞልቷል፤ ጎረቤቶቻችን "ተመችቶሻል እትዬ" ሲሏት ደስ አላት። ልንተኛ ስንል "አንቺ፣ ሌላ ትራስ የለሽም?" አለችኝ። ትራሱን እንዳቀፍኩ ቆሜ ቀረሁ። እግሯን ሳየው የካልሲዋ ላስቲክ ቦይ ቆፍሮበታል።

ሲነጋ ጤና ጣቢያ እንሂድ አልኳት። ያንተው እህት አይደለች፤ "በዚህ ዕድሜዬ አረገዝሽ ልትዪኝ ነው?" አለች። አልተከራከርኳትም። "ተሾመ የለሰነውን ግድግዳ አላየሽውም፣ ነይ ላሳይሽ" አልኳት። ተነሣች።

ወረፋ ስንጠብቅ ግድግዳህን በመዳፏ ዳበሰችው። ቆይታ "ስንጥቅ የለውም" አለችኝ።

ያየቻት ጤና መኮንን "እናቴ፣ ደረጃ ሲወጡ ያፍንዎታል?" አለቻት፤ ቀጥላ ያንኑ የትራሱን ጥያቄ። ቅልጥሟን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ስትለቀው ጉድጓዱ አልመለስ አለ። ደረቷን አዳመጠች፣ ግፊቷን ለካች፤ ከፍ ብሏል። እዚያው ሪፈር ጻፈችልንና ሆስፒታል ሄደን የልብ አልትራሳውንድ ተነሣች። ልቧ መድከም ጀምሯል፣ ግን በጊዜ ነው የመጣችሁት አሉን። በጊዜ ሲሉኝ ኮሪደር ወጣሁና አለቀስኩ፤ ለእሷ ደስ ብሎኝ፣ ላንተ ደግሞ ከፍቶኝ።

አሁን መድኃኒቷን አታቋርጥም፤ ክትትሏም እዚሁ ጤና ጣቢያ ነው። ጨው ቀንሺ ስለተባለች ሽሮዬን ታማዋለች። እብጠቱ ወርዶ ቀሚሷ ሰፍቷታል፤ ጎረቤት ደግሞ "ምነው ከሳሽ፣ ምን ነካሽ?" እያለ ከንፈር ይመጥላታል። "ድኜ እኮ ነው" ብትል ማን ይመናት።

ተሾመዬ፣ ሻማህን አበራለሁ፣ ስምህንም በቅዳሴ አስጠራለሁ። ማስታወሻህ ግን በዚህ አያበቃም። "ተመችቶሃል" ሲባል በሰማሁ ቁጥር ዓይኔ ወደ ሰውዬው ጫማ ይወርዳል፤ በስንት ትራስ ነው የምትተኛው ብዬም እጠይቃለሁ። የእድራችን ሰዎች "የትራሷ ሴትዮ" ብለውኛል፤ ይበሉኝ። እምቢ ያለውን ሁሉ፣ ባሌ የለሰነውን ግድግዳ አላየኸውም፣ ና ላሳይህ እለዋለሁ።

ሚስትህ እቴነሽ