የሐጂ ነስሩ ስድስት በር

ሐሙስ፣ የካቲት 6 ቀን 2006

ደግሞ መብራት ጠፋ። ስድሳ ሁለት ፐርሰንት ደርሶ ነበር እኮ! ሕንፃውን ተሠርቶ ያለቀ አስመስሎ የሚያሳየው ሥዕል ተሠርቶ እስኪወጣ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ የላፕቶፑ ባትሪ አርባ ደቂቃ እንኳ አይይዝልኝም። ኮር አይ ሰቨን ነው፣ ፈጣን ነው ተብሎ የተገዛ ዕቃ ለመብራት ፈረቃ ምን ያድርግ?

አባባ ከሳሎን ሆነው፣ "ያ ዕቃሽ ማንኮራፋቱን ተወ?" አሉኝ። ማራገቢያውን ማለታቸው ነው። ከመንግሥት ሥራ ፈቃድ ወስጄ ላፕቶፕ ተሸክሜ መዞሬ ለጡረተኛ መምህር አይዋጥም።

እንዳልረሳው ልጻፈው። ያለ ደመወዝ የወሰድኩት ፈቃድ እሁድ ያልቃል። ሐጂ ነስሩ እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ፣ "ስድስት በር" ብለው ለሚያሠሩት የሱቅ ሕንፃ ያዘጋጀሁትን ንድፍ የሚያዩትም እሁድ ነው። ከወደዱት በራሴ የያዝኩት የመጀመሪያ ሥራ ይሆናል። ካልወደዱት ሰኞ ጠዋት መስኮት ወደሌለው ቢሮዬ እመለሳለሁ።

ዓርብ

ጄኔሬተር ፍለጋ አሞራ ገደል አጠገብ ያለ ካፌ ገባሁ። ላፕቶፑና ቻርጀሩ ትከሻዬን ገነጠሉት። ሶኬት ያለው አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነው፤ እሱም ፀሐይ ላይ። የላፕቶፑ ሆድ ስለጋለ ከሥሩ አየር እንዲገባ ሁለት የለስላሳ ቆርኪ አደረግኩለት። አስተናጋጇ በየሰዓቱ እየመጣች "ምን ልጨምር?" ትለኛለች። አራት ሻይ ጠጣሁ።

ግን ወጣ! መቶ ፐርሰንት! ስድስቱም የመስታወት በሮች ያበራሉ። ፕሮግራሙ ሰዎችን ከራሱ አምጥቶ ሲደረድር ውሻ የሚያናፍስ ፈረንጅ በሐጂ ደጃፍ አቁሞልኝ ነበር። በጊዜ አይቼ ሰውዬውንም ውሻውንም አጠፋኋቸው። በዚህ ኮራሁ።

ቅዳሜ

ሐጂ ደወሉ። "ስድስቱም በር ተስተካከለ ልጄ?"

"አዎ ሐጂ፣ ስድስቱም። በመስታወት ነው ያደረግኳቸው።"

"በመስታወት! ማሻአላህ።" ከዚያ፣ "ወረቀት አይገባኝም፤ ቦታው ላይ ሆነን እናየዋለን" አሉ። ባዶ መሬት ላይ ሶኬት ከየት ይመጣል? ቀኑን ሙሉ የባትሪውን ምልክት እንደ በሽተኛ ስጠብቅ ዋልኩ።

እሁድ



ሐጂ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙና እና ስድስቱ ልጆቻቸው ተሰብስበው ጠበቁኝ። ላፕቶፑን ብሎኬት ላይ ከፈትኩት። ከፀሐዩ የተነሳ ስክሪኑ ላይ የራሴን ፊት ብቻ አያለሁ። ወይዘሮ ሙና ሻርፓቸውን ፈትተው ከላይ ጣሉብን፤ ሦስታችንም ጭንቅላታችንን ከሥሩ ከተትን።

ሐጂ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር አዩት። "ሌሎቹ አምስቱ የታሉ?" አሉኝ በመጨረሻ።

"ስድስት ናቸው ሐጂ፣ ይቁጠሯቸው።"

"ይሄማ አንድ ሱቅ ነው። ስድስት ቦታ ይገባበታል እንጂ አንድ ነው።"

ወይዘሮ ሙና ደግሞ፣ "ስድስት ልጅ አንድ አዳራሽ ውስጥ ከትተሽ ልታጣያቸው ነው?" አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ነጋዴ አንድ በር ሲል አንድ ሱቅ ማለቱ ነው! ለየልጃቸው አንድ አንድ ሱቅ ኖሯል ያሰቡት። በየደላላው ማስታወቂያ "አራት በር ሱቅ ያለው" የሚለውን ሳነበው ነው የኖርኩት። ለመምህር ልጅ ግን በር ማለት የሚዘጋና የሚከፈት ነገር ነው። ውሻውን ሳባርር ቤቱን ረሳሁት።

ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ባትሪው አርባ አንድ ይላል። "እዚሁ ላስተካክለው" አልኩ። ሐጂ መሬቱን በእርምጃ ይለካሉ፣ እኔ ግድግዳ አቆማለሁ። የማዕዘኑን ሱቅ ታላቁም ታናሿም ፈለጉት፤ ወይዘሮ ሙና ሻርፑን እንደያዙ ለታናሿ ፈረዱ። አምስት ግድግዳ። ዘጠኝ ፐርሰንት። ሴቭ አድርጌ እጄን ሳነሳ ጨለመ።

"ሞተ?" አሉ ሐጂ።

"አልሞተም፣ ርቦት ነው።"

ሳቁ። "ኢንሻአላህ ከረቡዕ ጀምሮ ሥሪው" አሉኝ።

ኢንሻአላህ! እሺ ነው ወይስ የጨዋ እምቢታ? ውል የለ፣ ፊርማ የለ። አባባን ብጠይቃቸው መልሱን አውቀዋለሁ።

ሰኞ

የሥራ መልቀቂያዬን አስገባሁ። ሐጂ አልደወሉም፤ እኔም አልደወልኩም። ደውዬ እምቢ ቢሉኝ ደብዳቤውን እንደማላስገባ ስለማውቅ ነው።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የጠረጴዛዬን ቁልፍ ተቀብላ ቅጽ ሰጠችኝ። ስም፣ የሥራ መደብ፣ ፊርማ። መጨረሻ ላይ "የአዲሱ መሥሪያ ቤት አድራሻ" ይላል። እስክሪብቶው እጄ ላይ ቀረ። ካፌውን ልጻፍ? ብሎኬቱን?

"ባዶ አይተውም እህቴ" አለችኝ።

"ሐዋሳ" ብዬ ጻፍኩ።

"ሐዋሳ የት?"

"ገና አላወቅኩም" አልኳት፤ እውነቴን ነው። ላፕቶፑን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ ወጣሁ።