የቀረልኝ አንድ መድኃኒት

ውድ የልጆቼ እናት፣

ይህን ወረቀት በእጅሽ አትይዢውም። ከዚህ የተላላፊ በሽታ ማግለያ ክፍል ወረቀት አይወጣም፤ የእኔ ስልክ ፎቶ ስለማያነሳ ነርሷ በበሩ መስታወት በኩል ፎቶ አንስታ በስልክሽ ልትልክልሽ ቃል ገብታልኛለች። ጽሕፈቴ ቢወላገድ አትፍረጂብኝ፤ ሁለት መስመር እየጻፍኩ አርፋለሁ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ሰኞ ዕለት ከመስታወቱ ማዶ ቆመሽ «ምን አሉህ?» ስትዪኝ አውራ ጣቴን አንስቼ አሳየሁሽ። ዋሽቼሽ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ሐኪሟ የአክታዬን ውጤት ነግራኝ ነበር። ሳንባዬ ውስጥ የገባው ባክቴሪያ በላቦራቶሪ አሥራ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ተሞክሮበት፣ አሥራ አንዱን ተላምዶታል።

«አንድ ይቀረናል፤ እሱም መርፌ ነው» አለችኝ። «ግን ጆሮ ይጎዳል። ጨርሶ መስማት የሚያቆምም ሰው አለ።»

«ሥራዬን ያውቁታል?» አልኳት።

«መካኒክ እንደሆኑ ካርድዎ ላይ አለ።»

«ሞተር የምመረምረው በጆሮዬ ነው። የስምምነት ወረቀቱን አልፈርምም።»

አልተከራከረችኝም። «ያስቡበት፤ ብዙ ቀን ግን የለዎትም» ብላ ወጣች።

በሩ የሚከፈተው ከውጭ ነው። መስኮቱ ጭራሽ አይከፈትም። የሚገባው ሰው ሁሉ ተሸፋፍኖ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየኝ። ብፈርም ጆሮዬ፣ ባልፈርም እኔ ራሴ፤ ጣሪያውን እያየሁ ይህንኑ ሳመላልስ ሁለት ቀን አለፈ።

የአንቺ ጭቅጭቅም ትዝ ይለኝ ነበር። ሳል በያዘኝ ቁጥር ያለ ማዘዣ ካፕሱል ገዝቼ፣ ሦስት ቀን ውጬ፣ ሻል ሲለኝ የተረፈውን ከመፍቻዎቹ ጋር ሳጥን ውስጥ እጥለው ነበር። «ጨርሰው እንጂ» ስትዪኝ «ለክፉ ቀን ይቀመጥ» እልሽ ነበር። ሐኪሟ ባክቴሪያውን መድኃኒት ያስለመድኩት እኔ ልሁን፣ ወይስ ተላምዶ ከሌላ ሰው የመጣ ይሁን መለየት አይቻልም ብላኛለች። ሳጥኑ ግን ከፊቴ አልጠፋ አለኝ። ምክንያቱም አንድ የማታውቂው ነገር አለ። በዝናቡ ወራት ትንሿ ልጃችን ስታስል፣ አንቺ ሥራ ስትሄጂ ከዚያው ሳጥን ለእሷም ሰጥቻታለሁ። ይህን ፊት ለፊት ልነግርሽ ወኔ አጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ልጆቹ በስልክሽ ደወሉልኝ። «አባዬ፣ መቼ ነው የምትመጣው?» አለችኝ ትንሿ። ልመልስላት አፌን ብከፍት አንድ ቃል የሚያወጣ ትንፋሽ አጣሁ። እሷ «አባዬ? አባዬ?» ትላለች፤ እኔ እሰማለሁ፤ ከመስማት በቀር ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ስልኩ ሲዘጋ ነርሷን በምልክት ጠርቼ ፈረምኩ።

ከአምስተኛው መርፌ በኋላ ግራ ጆሮዬ እንደ ላላ የሞተር ቺንጋ ያፏጭ ጀመር። ሐኪሟ በየጠዋቱ «ጆሮዎ ይጮሃል?» ስትለኝ «ኧረ ምንም» እላት ነበር፤ መድኃኒቱን እንዳታቋርጠው ፈርቼ። በኋላ በግራዬ ቆማ ስትጠራኝ አልሰማኋትም፤ ያኔ ገባት። ወደ ቀኜ ዞረችና «እናቁም ወይስ እንቀጥል?» አለችኝ።

«እንቀጥል» አልኳት።

ትናንት ትኩሳቱ ወርዷል፤ ኦክስጅኑንም ቀንሰውልኛል። አምስት መርፌ ይቀረኛል። ቀኙ ጆሮዬ እስከዚያ ይቆይ አይቆይ የሚያውቅ ሰው የለም።

ልጅቷን ባታስልም ሐኪም ዘንድ ውሰጃትና የሰጠኋትን ሁሉ ንገሪያቸው፤ እኔን ለመሸፈን ብለሽ እንዳትደብቂ። ነገ ደግሞ ደውይልኝ። በዚህ ነገር እንደምትቆጪኝ አውቃለሁ፤ አሞታል ብለሽ ለሌላ ቀን አታቆይው። ነገ ተቆጪኝ፤ እሰማሻለሁ።

ባልሽ