የአቶ ደባልቄ አንለይ የሕይወት ታሪክ፦ የቀረችው አሥረኛ ደረጃ

አባባ አዛጉ! ይቅርታ፣ የሕይወት ታሪክ ከልደት እንደሚጀመር አውቃለሁ፣ ግን ይሄን ሳልናገር መጀመር አቃተኝ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲያባንናቸው የኖረውን ቀን በገዛ ድምፃቸው ሲተርኩት ከእኔ ስልክ ላይ እየሰሙ፣ ስብሰባ እንደሰለቸው ሰው አፋቸውን በሰፊው ከፍተው አዛጉ። ከዛ ደሞ፣ "ይሄ ሰውዬ ወሬው አያልቅም እንዴ?" አሉ። ሰውዬው እኮ ራሳቸው ናቸው! ነርሷ ሲስተር ብኸይታ ከመቀመጫዋ ተነስታ እልል አለች፣ እኔ አለቀስኩ፣ አያቴ እማማ የሻረግ ደንግጠው ከጓሮ ሮጠው መጡ። ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። ለእኔ የአባባ ትልቁ ቀን ይሄ ነው።

እሺ፣ አሁን በደንቡ። አያቴ አቶ ደባልቄ አንለይ ከአባታቸው ከአቶ አንለይ ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩወርቅ ይመር፣ በቀድሞው ወሎ ክፍለ ሀገር በወረኢሉ በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል። በ1968 ዓ.ም. እማማ የሻረግን አገቡ፣ አጎቴን አበጀንና እናቴን ሕሊናን ወለዱ። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ መንግሥት ሲያሰፍር ሁለቱን ልጆች ይዘው አሶሳ መጡና እዚሁ የሰፋሪ መንደር፣ አምባችን ውስጥ ጎጆ ቀለሱ። ያኔ ለሰፋሪው ትራክተር መጥቶ ነበር። ሌላው ሰው በሬዬ ቀረ ብሎ ሲያለቅስ አባባ የትራክተር መሪ ያዙ። በ1980 ዓ.ም. መንጃ ፈቃድ አወጡ።

በ1987 ዓ.ም. ክልላችን አዲስ ሲቋቋም ጤና ቢሮ በሹፌርነት ቀጠራቸው። ቢሮ ማለት ያኔ አራት ጠረጴዛና አንድ ላንድክሩዘር ነበር ይሉን ነበር፣ ባለሙያው ወንበር ላይ በተራ ነበር የሚቀመጠው። አባባ ግን ወንበር አላስቸገራቸውም፣ የእሳቸው ወንበር መሪው ጋ ነበር። ከወለጋ የመጣ ኦልጅራ ገቢሳ የሚባል ክትባት ሰጪ ጓደኛ ነበራቸው። የመድኃኒቱን ሳጥን ጭኑ ላይ አድርጎ ጎናቸው ይቀመጥና፣ "ደባልቄ፣ አሁንም ከበሬ ኋላ የምትሄድ መስሎሃል እንዴ? ጅራፍ ልስጥህ?" እያለ ይተርባቸዋል። ሁለቱ ሆነው ሆሞሻ፣ ኩርሙክ፣ ያልሄዱበት ቀበሌ የለም።

ጥቅምት 4 ቀን 1989 ዓ.ም. ከሆሞሻ በኩል ሲመለሱ፣ እዚሁ ዋናው መንገዳችን ላይ፣ ትልቋ የማንጎ ዛፍ ጋ፣ መሃሉን ጭቃ ይዞታል። አባባ ጭቃውን ላለመግባት ወደ ዳር ወጡ። ዳሩ ላይ ፈንጂ ነበር። ማን እንደቀበረው፣ ከየትኛው ጦርነት እንደቀረ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ኦልጅራ እዛው ሞተ። አባባ ጎድናቸው ተሰብሮ ተረፉ።

ከዛ ቀን በኋላ አባባ መኪና ላይ አልወጡም። ቢሮው ወደ ንብረት ክፍል አዛወራቸው። ከእኛ አምባ አሶሳ ስድስት ኪሎ ሜትር ነው፣ በ2004 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ሲሄዱም ሲመለሱም በእግር ነበር። ሰፈሩ "እግረኛው ሹፌር" ይላቸዋል። እናቴ በ1998 ዓ.ም. ባምባሲ ላይ አባቴን ቀጄላን ስታገባ እንኳ ከዋዜማው ተነስተው አርባ ምናምን ኪሎ ሜትር በእግራቸው ደረሱ፣ አዲሱን ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው። ሰርገኛው "አባት ማለት ይሄ ነው!" አለ፣ ቤተሰቡም ኮራ። ፈርተው ነው ያለ ሰው የለም። ማንጎዋ ጋ ደሞ ጭራሽ አይደርሱም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እንኳ በጓሮ፣ በሽመሉ፣ በቀርከሃው ጫካ ውስጥ ዞረው ነው።

እኛስ? እኛማ አገዝናቸው! አጎቴ አበጀ የባጃጅ ልጆችን ደጃችን እንዳይቆሙ ለመናቸው። እማማ የጭነት መኪና ድምፅ ሲሰሙ አባባን ወደ ውስጠኛው ክፍል ያስገቧቸዋል። እኔ ደሞ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ከባምባሲ መጥቼ እነሱ ጋ መኖር ከጀመርኩ ጀምሮ ሥራዬ ሬዲዮኑን መጨመር ነበር። መኪና ሲመጣ ጨምሪ፣ ሲያልፍ ቀንሺ። ፍቅር መስሎን ነበር።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ኩላሊታቸው ታመመ። እግራቸው አብጦ መራመድ አቃታቸው። ሆስፒታል በየሳምንቱ መታየት አለባቸው፣ መኪና ደሞ አይሆንም። "እዚሁ ቤቴ ልሙት" አሉ። አጎቴ አበጀ ምን አደረገ? ስምንት ጎረምሳ ሰብስቦ በቃሬዛ አሸከማቸው! ስድስት ኪሎ ሜትር! ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ ሲስተር ብኸይታ አየቻቸው። እሷ የሆሞሻ ልጅ ናት፣ ብሔሯ በርታ ነው። የአእምሮ ጤና ነርስ ስትሆን ጾሬ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነው ስትሠራ የቆየችው።

"ሰውዬ ሞቷል ወይስ ታሟል?" አለች።

"ታሞ ነው" አለ አጎቴ።

"እና ባጃጅ ምን አደረገ? ይነክሳል?"

ማንም አልሳቀም። አባባ ቃሬዛው ላይ ሆነው፣ "አዎ፣ የእኔ ልጅ፣ ይነክሳል" አሉ። እሷም አልሳቀችም። አጠገባቸው ቁጢጥ አለችና፣ "እሺ አባ ደባልቄ፣ መቼ ነከሰህ? ንገረኝ" አለች። አንቱ ማለት አልለመደባትም፣ አባባ ደሞ ወደዱላት።

የፍርሃቱ ሕክምና መርፌ የለውም። ሐሳብን እንደ ዳኛ በማስረጃ መመርመር ነው፣ ከዛ የሚሸሹትን ነገር ቀስ በቀስ መጠጋት። እሷ በየሳምንቱ ቤታችን ትመጣለች፣ እኔ እጽፋለሁ። "ፌቨን፣ ና ጻፍ" ትለኛለች፣ እንደ ወንድ። በኬሚስትሪ ደብተሬ ጀርባ ላይ መሰላል ሠራን፣ አሥር ደረጃ ያለው። መጀመሪያው በረንዳ ላይ ሆኖ የቆመ ባጃጅ ማየት፣ ከዛ መንካት፣ ከዛ መቀመጥ፣ እያለ ይወጣል። አሥረኛዋ በመኪና ማንጎዋ ጋ ማለፍ ናት። በእያንዳንዱ ላይ ፍርሃታቸው ከመቶ ስንት እንደሆነ እጠይቃለሁ። አሥረኛዋን ሳነብላቸው፣ "መቶ ሃያ" አሉ።

የፈንጂው ቀን ታሪክም በራሳቸው ድምፅ ስልኬ ላይ ተቀዳ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብለው ይሰሙታል። መጀመሪያ ሰሞን ላባቸው በጀርባቸው ይወርድ ነበር፣ እማማ በሩ ላይ ቆመው፣ "ተዪው፣ ተዪው በእናትሽ" ይሉኛል፣ የእኔ ጣት ደሞ ማጥፊያው ላይ ነው። ግን አላጠፋሁም። ዘጠና አምስት፣ ዘጠና፣ ሰማንያ። እያለ እያለ ያ የማዛጋት ቀን መጣ!

አንድ ነገር ግን አልወርድ ብሎ ነበር። "ገደልኩት" ይሉ ነበር። "ጭቃውን ብገባበት ኖሮ ኦልጅራ ይኖር ነበር።" ሲስተር ብኸይታ "አይዞህ" አላለችም። ጠየቀቻቸው።

"እሺ፣ ጭቃ ውስጥ ገባህ። ከዛስ?"

"መኪናው ይያዛል።"

"ከዛ ኦልጅራ ምን ያደርጋል?"

"ወርዶ ይገፋል። ሁሌም እሱ ነው የሚገፋው።"

"የት ቆሞ?"

አባባ በጣታቸው ጋቢያቸው ላይ መንገዱን ሠሩ፣ መሃሉን፣ ዳሩን።    በመጨረሻ፣ "ዳሩ ላይ" አሉ፣ በቀስታ። "እዛው ዳሩ ላይ።" ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑና ተንሰቀሰቁ። ለኦልጅራ እንደዛ ሲያለቅሱ የዛን ቀን መጀመሪያቸው ነው አሉ እማማ። ከዛ በኋላ "ገደልኩት" የሚለውን አልሰማሁም። "ሞተብኝ" ነው ያሉት።

ኅዳር ላይ ባጃጅ ውስጥ ተቀመጡ፣ ሞተሩ ተነስቶ። ቁጥሩ ዘጠና። ሹፌሩ ሊያጽናና ብሎ፣ "አባባ፣ እኔም እፈራዋለሁ፣ ፍሬኑ እኮ አያስተማምንም!" አለ። ሲስተር ብኸይታ፣ "አንተ ዝም በል፣ ኸላስ፣ በቃ!" አለችው። አባባ ብረቱን ጨብጠዋል። ሕጉ ቁጥሩ ሳይወርድ አለመውረድ ነው፣ ምክንያቱም በፈሩ ቁጥር ከሸሹ ፍርሃቱ ያሸነፈ ይመስለዋል። ይሄኔ አጎቴ አበጀ መጣ። አባቱን ሲያይ ጮኸ።

"አውርዷቸው! ልትገድሏቸው ነው እንዴ? የበሽተኛ ሽማግሌ ልብ ነው እኮ!"

"ሐኪሙን ጠይቄአለሁ፣ ልቡ ደህና ነው" አለች ሲስተር ብኸይታ። "ስማ አቶ አበጀ፣ ፍርሃቱን የምትቀልበው አንተ ነህ። ቀለቡን አቁም።"

አጎቴ አልሰማትም፣ የአባባን ክንድ ይዞ ጎተተ። አባባ ብረቱን ሳይለቁ፣ "አበጀ፣ እጄን ልቀቅ" አሉ። "ሰባ ደርሷል።" ምን እንደሚሉ አልገባውም። እኔ ግን ጻፍኩ፦ ሰባ። ከዛ ሃምሳ አምስት። ከዛ አርባ። አጎቴ ክንዳቸውን ለቆ ሄደ።

ከዛ በኋላ ሆስፒታል በባጃጅ ነው የሄዱት! ጥር 11 ደሞ በሚኒባስ ባምባሲ፣ ቤታችን ድረስ፣ ጋቢና ተቀምጠው! እናቴ በር ላይ ስታያቸው የያዘችው ሰሃን ወደቀባት። ዘጠነኛዋ ደረጃ ይቺ ጉዞ ነበረች። አሥረኛዋን ከፋሲካ በኋላ ብለን ቀጠርን።

አልደረስንም። የካቲት ላይ ሕመማቸው ጠናና ሆስፒታል ተኙ። አንድ ቀን እኔና ሲስተር ብኸይታ ብቻ አጠገባቸው ሆነን፣ "ፌቪዬ" አሉኝ፣ "አሥረኛዋን ተቀምጬ ካልደረስኩባት ተኝቼም ቢሆን ውሰዱኝ። በመኪና፣ በዋናው መንገድ፣ በማንጎዋ በኩል። ያኔ መቼም ቁጥሬ ዜሮ ነው።" ሲስተር ብኸይታ ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ "ይሄ ማጭበርበር ነው፣ አልቆጥርልህም!" አለቻቸው። ሳቁ። እኔ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም እላለሁ፣ እጄን አጥብቀው ይዘውኝ ነበርና። እሺ አልኩ።

አያቴ አቶ ደባልቄ አንለይ መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ የሻረግን፣ ሁለት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች ትተዋል። ከሚሸሹት ነገር አሳርፎ የጠራቸው አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያስቀምጥልን፣ ለእማማም የሚደገፉበትን ክንድ ይስጥልን።

አሁን አጎቴ፣ አትቆጣኝ። "አንድ ገጽ ጻፊ፣ ፍርሃቱን አታንሺ" ብለኸኝ ነበር። አስከሬኑም በትከሻ፣ በሽመሉ በኩል እንዲሄድ ከዕድሩ ሽማግሌዎች ጋር ወስነሃል። "አባቴን ሞተው እንኳ በዛ መንገድ አላስጨንቃቸውም" ስትል ድምፅህ ተሰባብሮ ነበር፣ ስለምትወዳቸው እንደሆነ አውቃለሁ። አባባ የነገሩኝን ስነግርህ ግን "የበሽተኛ ቃል ነው" አልከኝ። እማማ፣ "ልጆቼ በሬሳ ላይ አይጣሉብኝ" አሉ። ትናንት ሲስተር ብኸይታን መስክሪልኝ ብዬ ለመንኳት። "መዓሌሽ ፌቨን፣ ይቅርታ" አለችኝ፣ "ታካሚ የነገረኝ፣ ሞቶም ከአፌ አይወጣም። አንተ ግን ነርስ አይደለህም።"

ስለዚህ የሰማሁትን የምናገር እኔ ብቻ ነኝ፣ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ይሄን አንብቤ እንደጨረስኩ ለቀብር ወደ ቤተ ክርስቲያን ልንነሳ ነው። የዕድሩ ቃሬዛ ወጥቷል። አባቴ ቀጄላ ያመጣው ፒክአፕም ደጅ ቆሟል፣ ሞተሩ ጠፍቶ። ከበሩ ስንወጣ በቀኝ ሽመሉ ነው፣ በግራ ዋናው መንገድ። እጃቸውን ይዛችሁ እሺ ያላችሁት እናንተ ብትሆኑ፣ በየት በኩል ትወስዷቸው ነበር?