ለኪዱ የደገምኩለት

ውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ ብዬ እንዳልጀምር መልሱን እፈራለሁ። ጦርነቱ ዳባት ገባ ከተባለ ወዲህ ስልክዎ አይጠራም። ሐርጌሳ ያለን የጎንደር ልጆች ቀኑን ሙሉ ስንደውል እንውላለን፤ የሚያነሳ የለም።

ዛሬ የምጽፈው ግን ልናዘዝ ነው። “የአምላክን ስም ሳትጠሪ ውሃ እንኳ እንዳትጎነጪ” ብለው ነበር የሸኙኝ። እኔም ስነቃ፣ ፊቴን ስታጠብ፣ ቤት ስጠርግ፣ ዳቦ ስቆርስ አመሰግን ነበር። አሠሪዬ ኢስታሂል በየነገሩ ቢስሚላሂ ስለምትል ነገሬ አልገረማትም።

የገረማት ሸዋርካብሽ ናት፤ ሼክ ኑር በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን የምንኖር ክርስቲያን ልጅ። አንድ ቀን እኔ የባረኩትን ዳቦ በልታ ሆዷን ቆረጣት።

“ምን ደግመሽበት ነው አንቺ?” አለችኝ።

የእኛን ሰው ቡዳ ሲሉት እየሰማሁ ያደግኩ ነኝና ደነገጥኩ። “ኧረ ምንም! ዘፈን ነው” አልኳት። አባቴ፣ የአምላክን ስም ዘፈን ነው አልኩ!

ከዚያ ወዲያ አፌን ዘጋሁ። በልቤ እላለሁ ብዬ ነበር፤ ቀስ በቀስ ከልቤም ጠፋ። ሦስት ወር ሙሉ ዝም ብዬ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ሠራሁ፣ ተኛሁ። እዚህ አገር ብቻዬን መሆኔ የገባኝ ያኔ ነው። ሲከፋኝ የማዋየው እንኳ አልነበረኝም።

ትናንት ከሥራ ስመለስ ሸዋርካብሽ ፍራሿ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ወንድሟ ኪዱ ዘምቶ ወሬው ጠፍቷል።

“ያንን ትደግሚው የነበረውን ለኪዱም ድገሚለት” አለችኝ።

“ድግምት አይደለም። እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ” አልኳት።

“አውቃለሁ። ቅዳሜ ክብሪት ስትጭሪ አይቼሽ አላውቅም። በናትሽ ድገሚለት!”

ምን ልበል? ለጦርነት የሚባለውን አላስተማሩኝም። በቃሌ የያዝኩት የማዕዱን ብቻ ነው። እህል ሳይቀርብ፣ ሁለታችንም ጦማችንን እያለን፣ ከምግብ በፊት የሚባለውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በግዕዝ አልኩላት። መሃል ላይ ባንተአምላክ ብዬ የእርስዎን ስም፣ ኪዱ ብዬ የእሱን አስገባሁ። እሷ እያማተበች “አሜን” አለች። ሦስት ወር ያልሰማሁትን ድምፄን ስሰማ እኔም አለቀስኩ።

የማዕድ ምስጋና መሆኑን አልነገርኳትም። ዛሬም ጠዋት “ድገሚለት” አለችኝ፤ ደገምኩለት። ስልክዎ የጠራ ቀን የጦርነቱን ያስተምሩኛል። እስከዚያ በዳቦው እንቆያለን።

ልጅዎ፣ ከሐርጌሳ