ከባዱ ሳጥን

ይድረስ ለእትዬ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ልጆቹስ፣ ባለቤትሽስ ደህና ናቸው? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? እኛ አለን። «ደህና ነን» ብዬ ልጽፍ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሰረዝኩት።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «ከባዱን ሳጥን እስከ አየር ማረፊያ መሸከም ሰንፈህ የዳማውን ፈረስ ዘር በፎም ሳጥን ላክኸው» ብለሻል። እዚያ ያለው የእንስሳት ሐኪም በማይክሮስኮፕ ቢያየው አንድም የሚንቀሳቀስ አላገኘም፤ ባዝራሽም ሳታረግዝ ቀረች። ዳማው ዘሩን በሰጠ በማግስቱ ስለሞተ ደግመን የምንልክልሽ የለም። ያንን ፈረስ ከውርንጭላነቱ በጡጦ ያሳደግሽው አንቺ ነሽ፤ ብትቆጪ አይፈረድብሽም። ስንፍናዬንም ታውቂዋለሽ፣ እንኳን ሳጥን ራሴንም መሸከም ይከብደኛል። በዚህኛው ግን አልታማም።

ሥራውን አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ። ፎሙ ዘሩን ቢበዛ አንድ ቀን ነው የሚያቆየው። በከባዱ ሳጥን ግን በረዶው ከታች በጣሳ ሆኖ፣ ዘሩን ሳይነካው ቀስ እያለ አምስት ዲግሪ ድረስ ያበርደዋል፤ ከዚያም ሁለት ቀን ሙሉ ይዞ ያቆየዋል። አውሮፕላን ቢዘገይ እንኳ አያሳስብም። አባባ ፎሙን ሳነሳ ባዩኝ ቁጥር «በወንፊት ላከዋ!» እያሉ ነበር የሚያሾፉብኝ።

ዘሩ የተላከ ዕለት መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር፤ ነፋስ ምሰሶውን ጥሎታል። ከባዱ ሳጥን ከአባባ አልጋ ሥር ነበር። ማቀዝቀዣው ስለቆመ፣ ከከተማ በረዶ እያመጣሁ መርፌዎቻቸውን የማቆየው እሱ ውስጥ ነው። አዎ እትዬ፣ አባባ ታመዋል። ዓመት አለፋቸው። «ከሰማች ሁሉን ጥላ ትመጣለች፣ ትንፍሽ እንዳትል» ብለው አስምለውኛል። መድኃኒታቸውም ልክ እንደ ዘሩ አምስት ዲግሪ ላይ ነው የሚቀመጠው። የቀሩት ስድስት መርፌዎች ብቻ ነበሩ፤ መድኃኒት ቤቱም ሌላ የሚገባው በወሩ መጨረሻ ነው አለኝ።

አባባ እንደምንም ተነስተው ተቀመጡና፣ «መርፌውን አውጣና ፎሙ ውስጥ ክተተው፤ ሳጥኑን ለእህትህ ላክላት። እኔ ኖሬ ጠግቤያለሁ፤ እንደ ዳማው ያለ ፈረስ ግን አይገኝም» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ግቢው መሃል ቆሜ አለቀስኩ። ከዚያ ሳጥኑን መርፌው እንዳለ ማዕድ ቤት ደበቅሁት። ዘሩን በፎሙ አሸግሁ፤ ባዶ ቦታውንም እንዳስተማርሽኝ በውሃ ከረጢት ሞላሁት። አውሮፕላኑ በሰዓቱ ቢነሳ ይደርስልሽ ነበር። አንድ ቀን ሙሉ ዘገየ።

ለአባባ አልነገርኳቸውም፤ ሳጥኑ አንቺ ጋ ያለ ነው የሚመስላቸው። ጠዋት ጠዋት «ባዝራዋ አረገዘች ወይ?» ይሉኛል። «አርግዛለች» እላቸዋለሁ። ለውርንጭላው ስም እያወጡለት ነው። ትናንት ብቻቸውን «እንደ እናቱ ግንባረ ቦቃ ነው የሚሆነው» ብለው ሲስቁ ሰማኋቸውና አንጀቴን በሉት። መርፌውን ጠብቄ የፈረሱን ዘር በማጥፋቴ አልጸጸትም፤ አንቺን ስላሳዘንኩ ግን እንቅልፍ የለኝም።

አሁን የምለምንሽ፣ ስትደውይላቸው አርግዛለች በያቸው። መታመማቸውን እንደሰማሽም እንዳያውቁብሽ። ከዚያ ለሌላ ጉዳይ የመጣሽ መስለሽ ቶሎ ነይ። የምትቆጪኝንም እዚሁ መጥተሽ ተቆጪኝ፣ ዝም ብዬ እሰማሻለሁ።

መውለጃዋ ሲደርስ ምን እንላቸዋለን ብለሽ አትጨነቂ። ባዝራ የምታረግዘው አስራ አንድ ወር ነው። የአባባን ሐኪም ስንት ወር እንደቀራቸው ጠይቄዋለሁ።

ፈጣሪ ከነልጆችሽ ይጠብቅሽ፤ መንገድሽን ያቅናልሽ።

ታናሽ ወንድምሽ