ለክሩዙ የሸከፍኩት

ጁን 22፣ እሑድ

ዛሬም ሙቀት። ምድር ቤት ካሉት ማጠቢያ ማሽኖች ሁለቱ ተበላሽተዋል። ተራ ስጠብቅ ዋልኩ። እዚያው ቁጭ ብዬ ሳለ አባዬ ደወለ። በሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ ሲደውል አራተኛው ይሆናል።

«አብርሆት፣ ክሩዝ ታውቂያለሽ? መርከብ ነው። ከባልቲሞር ቤርሙዳ፣ አምስት ቀን። አንቺም ከእኛ ጋር ብትመጪስ?»

 አፌ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፣ ሲፈለግ ይጠፋል።

«ጊዜ አብረን እናሳልፍ ብዬ ነው» አለ።

እሺ ያልኩ መሰለኝ…

አባዬ የምለው እዚህ ደብተር ላይ ብቻ ነው። በአፌ ጠርቼው አላውቅም። አገር ጥሎ ሲመጣ አራት ዓመቴ ነበር። እማዬ ዲቪ ደርሷት እኔና እሷ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንገባ አሥራ አራት። አሁን አሥራ ስድስት። እሱ አሌክሳንድሪያ ነው፣ ከሚስቱ ከሶልያና ጋር። ማቲና ሄኒ የሚባሉ ልጆች አሏቸው። ቤቱን አይቼው አላውቅም። የሚያገኘኝ ዊተን ሞል ውስጥ ነው። ሃያ ደቂቃ ቢበዛ። ሰዓቱን እያየ።

ጁን 24

ለእማዬ ነገርኳት። ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው፣ ማታ እግሯ ያብጣል።

«መርከብ?» አለች። «በአሥራ ሁለት ዓመት አንድ ሸራ ጫማ ያልላከ ሰው መርከብ ላይ ሊያወጣሽ?»

ሁለተኛውን ጫማ ጎትታ አወለቀች።

«ሂጂ። ኋላ እናቴ አስቀረችኝ እንዳትዪ።»

አሥራ ስምንት ስላልሞላኝ የእናት ፈቃድ ያስፈልጋል። ሰነድ የሚያረጋግጥ ኖታሪ ዘንድ ሄዳ ፈረመች። ወረቀቱ «ከአባቷ ከእንዳልካቸው ጋር» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። 

ጁን 29

ስለ ክሩዝ ቪዲዮ ሳይ ዋልኩ። አንዲት ፀጉረ ነጭ አሜሪካዊት አርባ ጊዜ ሄጃለሁ ትላለች። ማንም የማያስበውን ነው የምትናገረው። የመርከብ ክፍል ግድግዳ ብረት ነው። ስለዚህ የማግኔት መንጠቆ ይዘሽ ሂጂ፣ ኮፍያም ቦርሳም ይሰቀልበታል። የልብስ መቆንጠጫ፣ በረንዳ ላይ ያሰጣሽውን ፎጣ ነፋስ እንዳይወስደው። ሻንጣሽ ክፍልሽ እስኪደርስ ሰዓታት ስለሚፈጅ የመዋኛ ልብስሽ በእጅ ቦርሳሽ ይሁን። ለማቅለሽለሽ የዝንጅብል ከረሜላና አረንጓዴ ፖም። ካውያና ሻማ ይወስዱብሻል፣ አትልፊ። ደግሞ የአንገት ማንጠልጠያ። መርከቡ ላይ የሚሰጡሽ ካርድ ቁልፍሽም መታወቂያሽም ነው፣ ከአንገትሽ አይውረድ።

መንጠቆ ስምንት፣ ማንጠልጠያ አምስት ገዛሁ። ለሁሉም። ለአባዬ ሰማያዊ። የሚወደውን ቀለም ግን አላውቅም… ሰው የአባቱን ቀለም እንዴት ነው የሚያውቀው? ጠይቆ?

ጁላይ 3

ሶልያና በቴክስት ዝርዝር ላከችልኝ። «ይህን ሁሉ መያዝሽን ቼክ አድርጊ» ይላል። የማቲ የሳል ሽሮፕ። የሄኒ የትኩሳት መለኪያ። ዋይፕስ፣ እርጥቡ ማበሻ። የማታ መብራት፣ ክፍሉ መስኮት የለውም። የሥዕል መጽሐፍ። ዎኪ ቶኪ ሁለት፣ ባሕር ላይ ስልክ አይሠራም፣ አንዱ አንቺ ጋ አንዱ እኛ ጋ።

አሥራ ሰባት ነገር። እስከ መጨረሻው ወረድኩ። የእኔ የሚባል አንድም የለበትም።

ደወልኩላት። «የቸርች የጥንዶች ግሩፕ ነው» አለች። ክፉ አይደለችም፣ ትቸኩላለች እንጂ። «ፕሮግራም አለን፣ ጧትም ማታም። ኪድስ አንቺ ጋ ይሆናሉ። ዩ ዶንት ማይንድ፣ ራይት?»

ኖ አልኩ።

ጊዜ አብረን እናሳልፍ ብሎ ነበር… ከማን ጋር እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ጁላይ 6

አሌክሳንድሪያ ሄድኩ፣ ሻንጣ ለመሸከፍ። ቤታቸው ሦስት ፎቅ ነው። ማቲ በር ላይ ቆሞ «አር ዩ አወር ቤቢሲተር?» አለኝ። ስድስት ዓመቱ ነው፣ ምን ያውቃል። ግንባሩ የእኔ ግንባር ነው።

መሸከፍ እወዳለሁ ለካ። የልጆቹን ልብስ በየቀኑ ከፋፍዬ በላስቲክ አደረግሁ። ሶልያና «ኦ ማይ ጋድ፣ ቆንጆ» አለች።

አባዬ ሌላ ሻንጣ እናውርድ ብሎ ጋራዥ ወሰደኝ። በሩን መለስ አደረገው።

«ኦገስት ላይ ቤተ ክርስቲያን የሽማግሌ ምርጫ አለ» አለ። «ስሜ ቀርቧል።»

«እሺ።»

«ከሶልያና በፊት ልጅ እንዳለኝ ሰዎቹ አያውቁም። መጀመሪያ ዝም አልኩ፣ ከዚያ ዝምታው እየረዘመ ሄደ… የእህቴ ልጅ ናት ብያቸዋለሁ። ሰው ፊት ጋሼ ብትዪኝ። አምስት ቀን ነው።»

ሻንጣውን እያየ ነው ያወራው። ሻንጣው ምን ጥፋት አለበት?

ማታውን ሳስበው ዋልኩ… አደርኩ ማለቴ ነው። ልቅር? ብቀር ደግሞ ምን አገኛለሁ? ዊተን፣ ሃያ ደቂቃ። ብሄድ አምስት ቀን ሙሉ ፊቱን አያለሁ። ምናልባት እዚያ ባሕሩ መሀል ሆኖ ራሱ ይናገር ይሆናል። ሰው እኮ አንዳንዴ ራቅ ሲል ይደፍራል። ለእማዬ አልነገርኳትም።

ጁላይ 12፣ ቅዳሜ

ባልቲሞር። ሰልፉ ረጅም ነበር። የቸርቹ ሰዎች ቀድመውን ገብተዋል። መግቢያው ላይ ያለችው ሴትዮ የእማዬን ወረቀት አይታ «ኢዝ ዚስ ዩር ዶተር?» አለችው። አባዬ ግራና ቀኝ ዞር ዞር አለ። ከዚያ «የስ» አለ፣ ቀስ ብሎ። እኔ ግን ሰማሁት።

ካርዶቹን ሰጡን። ሁሉንም ማንጠልጠያው ውስጥ አስገባሁ። የእኔን ሳየው ስሜ በትልቁ ተጽፏል። አብርሆት እንዳልካቸው።

እነ አባዬ አያዩትም እንዴ? ምዝገባውን የጨረሰችው ሶልያና ናት፣ እሷ እዚህ ነው ያደገችው፣ የአባት ስም ምን እንደሚያወራ አይታያትም። እሱ ደግሞ ወረቀት አያነብም፣ የሰው ዓይን ነው የሚያነበው። ልንገራቸው?

አልነገርኳቸውም። አንገቴ ላይ አጠለቅሁት።

ጁላይ 13

እኔና ልጆቹ መስኮት የሌለው ክፍል ነን። መብራት ሲጠፋ ዓይን ከፍቶም ጨፍኖም ያው ነው። እነሱ ከፊት ለፊት፣ በረንዳ ያለው ክፍል። መንጠቆዎቹ ግን ይይዛሉ። ሰው ሁሉ አቅለሸለሸውና የዝንጅብል ከረሜላዬን ሊለምን መጣ። የግሩፑ አስተባባሪ እህት መዓዛ «የወንድም እንዳልካቸው የእህት ልጅ እኮ ፋርማሲ ናት» አለች። ሁሉም ሳቁ። እሱም።

የአባዬን ድምፅ ዛሬ ስድስት ጊዜ ሰማሁ። ሁሉንም በዎኪ ቶኪ። «ልጆቹ በሉ?» «ልጆቹ ተኙ?»

ጁላይ 14

ቤርሙዳ ደረስን አሉ። ሄኒ ትኩሳት አላት። ክፍል ውስጥ ነኝ።

ጁላይ 15፣ ማክሰኞ

 በቀስታ ልጻፍ።

ሄኒ ስለተሻላት ምሳ ላይ ሁላችንም አንድ ጠረጴዛ ነበርን። እማማ ውባንቺም ነበሩ፣ የእህት መዓዛ እናት። ናዝሬት ሠላሳ ዓመት አስተምረዋል። አጠገቤ ተቀመጡ።

«አንቺ ዝምተኛ፣ ስምሽን ማን አልሽኝ?»

«አብርሆት።»

«አብርሆት ማን?»

አፌ ጠፋ። እሳቸው መነጽራቸውን አውርደው ካርዴን ከደረቴ ላይ አነሱት። ጮክ ብለው፣ ተማሪ እንደሚጠራ አስተማሪ… «አብርሆት እንዳልካቸው።»

አባዬ ሐብሐብ በሳህን ይዞ ሊቀመጥ ሲል ነው። ቆሞ ቀረ።

«እንዴ እንዳልካቸው፣ የእህትህ ባል ስሙ እንዳንተ ነው?» አሉት።

«አዎ እማማ። አጋጣሚ ነው።»

«አፍንጫዋም አጋጣሚ ነው?»

ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ቆመ። እህት መዓዛ ሶልያናን አየቻት። ሶልያና ዳቦ ትቆራርጣለች፣ ማንም የማይበላውን ዳቦ።

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። «አባትሽ የት ነው ያለው፣ ልጄ?»

አየሁት። አንድ ነገር እስኪል ጠበቅሁ። እውነቴን ነው፣ ጠበቅሁት። ሳህኑን ነበር የሚያየው።

«ሞቷል» አልኩ።

ከየት መጣ? ድምፄ እንኳን አልተንቀጠቀጠም።

«ውይ ልጄን» አሉ። «መቼ?»

«ቆይቷል። ልጅ ሆኜ።»

እማማ ውባንቺ ተነሡ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። ሌሎቹም ተነሡ፣ ጠረጴዛውን ከበቡን፣ ሹካቸውን አስቀምጠው። «አባት ለሌላቸው አባት የሆንህ ጌታ ሆይ፣ ይህችን ልጅ አስባት» ብለው ጸለዩ። ረጅም ጸሎት ነበር። ሲጨርሱ ሁሉም አሜን አሉ።

እሱም አሜን አለ። ድምፁን ለይቼ ሰማሁት።

ጁላይ 16

ልጆቹን ገንዳ ዳር ይዤ ሳለ እንዳልካቸው መጣ። ብቻውን።

«ትናንት… ውለታሽን አልረሳም» አለ። «ብልህ ልጅ ነሽ።»

በአካባቢው ማንም አልነበረም። ማቲና ሄኒ እንኳን ውሃ ውስጥ ናቸው።

«ምንም አይደል፣ ጋሼ» አልኩት።

ፊቱ ጠቆረ። ለምን እንደጠቆረ እሱ ያውቃል። ፎጣውን በመቆንጠጫ አያይዤ ሄኒን ላወጣት ተነሣሁ።

ከሰዓት እህት መዓዛ አድራሻችንን ጠየቀችኝ። «ባል የሞተባት እህት እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጣ ለቅሶ ሳንደርስ?» አለች። ቆይቷል እኮ አልኳት። «ቢቆይም ሰው በሰማ ጊዜ ይደርሳል። እማማ ቆርጠዋል። እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ለቅሶ እንደሚደረስ እንዴት እረሳለሁ? አድራሻውን ግን ነገርኳት።

ጁላይ 18

እንዳልካቸው ዛሬ ብቻ ሦስት ጊዜ ደወለ። በሁለት ዓመት ከደወለው ሊተካከል ምንም አልቀረው።

«እናቴ እሑድ ሥራ ናት በያቸው።»

«ሥራ የላትም።»

«አውቃለሁ፣ ግን በያቸው። እኔንም መንገድ አሳይ ብለውኛል። እህቴ ቤት አልሄድም ልል ነው? አብርሆት፣ አንቺ አይደለሽ ነገሩን…»

አልጨረሰውም። የሚጨርስበትን ጊዜ ሰጠሁት፣ አልጨረሰውም።

«አንተ ንገራቸው» አልኩት።

ለአዋቂ ሰው እምቢ ስል የመጀመሪያዬ ነው። ከዘጋሁ በኋላ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተቀመጥኩ።

ጁላይ 19

ለእማዬ ልነግራት ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። «መርከቡ ላይ አንድ ነገር…» እላለሁ፣ ይቆማል። «የከነከነሽ ነገር አለ አይደል?» አለች። «ፊትሽ ላይ አየሁት። ስትፈልጊ ትነግሪኛለሽ።» ልብስ ቀይራ ወደ ሥራ ሄደች።

ጁላይ 20፣ እሑድ

ስምንት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። እማዬ በቤት ልብሷ ከፈተች።

እማማ ውባንቺ ከፊት፣ እህት መዓዛ ምግብ በፎይል ይዛ፣ ሌሎች ሁለት ሴቶች። ከኋላ እንዳልካቸው፣ አንድ ካርቶን የታሸገ ውሃ ትከሻው ላይ። ሶልያና አልመጣችም።

እማማ እናቴን አቀፏት። «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ። ባልሽ ማረፉን ከልጅሽ ሰማን። ወንድምሽማ ደብቆን፣ ዛሬም በግድ ነው ያመጣነው።»

እማዬ በትከሻቸው በኩል አየችው። ከአገር ከወጣ ጀምሮ በዓይኗ አይታው አታውቅም። ከዚያ እኔን አየችኝ። ረጅም ጊዜ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

«ግቡ» አለች።

ነጠላዋን አመጣች፣ አጣፍታ ለበሰች። ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹ ከበቧት።

«ታሞ ነው?» አሏት እማማ።

«እኛ ምን እናውቃለን፣ እማማ» አለች። ድምፅዋ ቀዝቃዛ ነበር፣ እንደ ሥራ ቦታዋ። «እዚህ አሜሪካ ከገባ በኋላ ነው። መጀመሪያ በሳምንት ይደውል ነበር፣ ከዚያ በወር፣ ከዚያ ጠፋ። ሬሳውንም አላየን።»

እማማ ውባንቺ አለቀሱ። የምር። ወደ እንዳልካቸው ዞረው «አማችህ እዚሁ አገር ሞቶ፣ እንዴት አንድ ቀን ለጸሎት አላነሣህልንም?» አሉት።

በሩ አጠገብ ነው የቆመው። ካርቶኑን እስካሁን አላወረደም።

«ከባድ ነበር» አለ።

«አዎ፣ ለሱ በጣም ከባድ ነበር» አለች እማዬ። «ቁጭ በል እንጂ፣ ወንድሜ። የያዝከውን አውርደው።»

አወረደው። ከበሩ አጠገብ ያለችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ እጆቹን ጉልበቱ መሀል ከቶ። አንድም ጊዜ ቀና አላለም። ጸለዩ፣ በሉ፣ እማዬን አጽናኑ። ሲወጡ ከሁሉም ፊት ቀድሞ ወጣ።

እማዬ በሩን ቆልፋ ጀርባዋን አስደገፈችበት። ነጠላዋን አወለቀች።

«ለመሆኑ መቼ ነው የሞተው?» አለችኝ።

«ማክሰኞ» አልኳት። «ምሳ ላይ።»