አንድ ፎቶግራፍ ለማስጠፋት የደከሙት ጋዜጠኛ የሕይወት ታሪክ

ለሠላሳ ስምንት ዓመታት በአንድ ጋዜጣ የዜና ክፍል ያገለገሉት ጋዜጠኛ፣ ከፖስታ ቤት ሠራተኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ በጥር ወር 1953 ዓ.ም. ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ በምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሦስተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበሩ። አባታቸው ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶች ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። አንዲት አሮጊት እንባቸውን እየጠረጉ “ደህና ነኝ ብለህ ጻፍልኝ” ሲሉ የሰሙት የያኔው ልጅ፣ “አባባ፣ ማልቀሳቸውንስ አትጽፍም?” ብለው ጠየቁ። አባትየውም “ያላሉትን አንጽፍም” ብለው መለሱላቸው ይባላል።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ አጠናቀው በ1972 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በ1976 ዓ.ም. በቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተመረቁ። በዚያው ለተማሪዎች ጋዜጣ ሲጽፉ፣ ከኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ስለሚወጣው መጥፎ ሽታ አንዲት የኬሚስትሪ ተማሪ አነጋገሩ። የተናገረችውን በትክክል መጻፋቸውን ለማረጋገጥ ማስታወሻቸውን ይዘው ተመለሱ፤ አነበቡላት። እንደገና መጡ፤ እንደገና አነበቡላት። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ግን የሚነበብ ነገር አልነበራቸውም። በ1980 ዓ.ም. ተጋቡ፤ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅም አፈሩ።

በ1977 ዓ.ም. የጀመሩት የጋዜጠኝነት ሥራ ዕድሜ ልካቸውን አንድ መልክ ነበረው። ሰው አነጋግረው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ይወለውላሉ፤ ከዚያ “ላንብብልዎ?” ይላሉ። ባለሥልጣን ይሁን ጥበቃ፣ ተናጋሪው የገዛ ቃሉን መልሶ ሳይሰማ አይለቁትም። የተቆጣ ሲበርድ፣ የዋሸ ሲያፍር፣ የፈራም “እሱን እንኳ ተወው” ሲል ያዩ ነበር። ባልደረቦቻቸው “ጋሽ ላንብብልዎ” የሚል ስም ያወጡላቸው ለዚህ ነው። እሳቸውም ቅጽል ስሙን ወደዱት፤ በቤት ስልክም አንዳንድ ጊዜ “አዎ፣ ላንብብልዎ ነኝ” ብለው ይመልሱ ነበር።

በእነዚያ ዓመታት አልተሳሳቱም ማለት አይደለም። ስሕተት ሲገኝ በማግስቱ፣ በዚያው ገጽ፣ በዚያው ቦታ እርማት ይወጣል። ጋዜጣውን ትናንት የገዛው ሰው ዛሬም ስለሚገዛው፣ ስሕተቱ በሄደበት መንገድ እርማቱም ይሄዳል። ባለቤታቸው ይህን የሕይወት ታሪክ ስትጽፍ የዚያ ዘመን ሁሉ ነገር መልካም ነበር ማለቷ አይደለም። መመለሻ መንገድ ነበረው ለማለት ነው።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የዜና ክፍሉ ጠባይ ተለወጠ። መጀመሪያ የመስመር ስልኮቹ ተነቀሉ፤ ቀጥሎ አራሚዎቹ ተሰናበቱ። አሥራ ዘጠኝ ከነበሩት ሪፖርተሮች ስድስት ቀሩ። አዲስ የተቀጠሩት ወጣቶች ባለጉዳዩን በጽሑፍ መልእክት ይጠይቃሉ፤ የመጣላቸውን ቀድተው ይለጥፋሉ። ጎበዞች ነበሩ፤ ሰው ዝም ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ለመማር ግን ጊዜ አልተሰጣቸውም። ከፊት ለፊታቸው የተቀመጠ ወጣት በስልክ “ሰላም ጋሼ፣ ሥራ በዝቶብዎታል?” ብሎ ሲጽፍላቸው፣ ቀና ብለው “ደህና ነኝ ልጄ! ምነው፣ ጉንፋን ድምፅህን ወሰደው እንዴ?” ይሉት ነበር። ወጣቱ ይስቃል፤ እየሳቀም የሳቅ ምልክት ይልክላቸዋል።

በ2013 ዓ.ም. ድርጅቱ አዲስ አሠራር አስገባ። ሪፖርተሩ ያየውንና የሰማውን ለስልኩ ይናገራል። ማሽኑ ይጽፋል፣ ርእስ ይሰጣል፣ ከማኅደር ፎቶግራፍ መርጦ ወዲያው በጋዜጣው የኢንተርኔት ገጽ ያወጣል። በመካከል የሚያይ ሰው የለም። እሳቸው አልተቃወሙም። በስድሳ ዓመታቸው፣ ኮምፒውተር ካጠናችው ልጃቸው ጎን ቁጭ ብለው እንደ ማንኛውም ተማሪ ተማሩ።

በዚያው ዓመት አንዲት ፋርማሲስት ወደ እሳቸው መጣች። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት አዲስ ቀን እየተለጠፈበት እንደሚሸጥ ደርሳበት ነበር። ከመድኃኒት ቤቷ መደርደሪያ ጀርባ ቆመው አነጋገሯት፤ አነበቡላት፤ ፈቃዷን ጠይቀውም ነጭ ጋወኗን እንደለበሰች ፎቶግራፍ አነሷት። ዜናው ሲወጣ ሰዎች ወደ ቤቷ እየመጡ አመሰገኗት።

በግንቦት 2014 ዓ.ም. ሻጮቹ ተይዘው ፍርድ ቤት ቀረቡ። እሳቸውም ከችሎቱ ወጥተው ዜናውን ለስልካቸው ተናገሩና ላኩ። ከዚያ ስልካቸውን አጠፉ፤ በአውቶቡስ ሲሄዱ ሰው ማየትና ወሬ መስማት ይወዱ ስለነበር ይህ ልማዳቸው ነበር። በዚያ ቀን አውቶቡሱ በመንገድ ተበላሽቶ አራት ሰዓት ቆዩ። እቤት ሲደርሱ ልጃቸው በር ላይ ጠበቀቻቸው። ማሽኑ “መርዝ የሸጡት ተያዙ” የሚል ርእስ ሰጥቶ፣ ከማኅደር የፋርማሲስቷን ፎቶግራፍ አውጥቶ ከሥሩ ለጥፎታል። ከላይ ያለው የጸሐፊ ስም የእሳቸው ነው።

ደውለው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከጋዜጣው ገጽ አስጠፉት። እርማትም ወጣ። በአራቱ ሰዓት ውስጥ ግን ፎቶግራፉ ቁጥሩን ማንም በማያውቀው ሰው እጅ ገብቶ ነበር። እርማቱን ያነበቡት ጥቂቶች ናቸው፤ ያካፈለው ደግሞ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄዱ። መስታወቱ ላይ በቀለም ስድብ ተጽፎበታል፤ እሷም በጨርቅ ስትፈገፍግ አገኟት። ልትቆጣቸው ጠብቀው ነበር። እሷ ግን “ጋሼ፣ አንብበውልኝ ነበር እኮ” ብቻ አለቻቸው። ይህን ለባለቤታቸው የነገሩት አንድ ጊዜ ነው፤ ሁለተኛ አላነሡትም። መድኃኒት ቤቱ በሦስተኛው ወር ተዘጋ።

ዋና አዘጋጁ ቀድሞ እሳቸው ያሠለጠኑት ሰው ነበር። “ጋሼ፣ ስሕተቱ የእርስዎ አይደለም፤ የሲስተሙ ነው” አላቸው። “ሲስተሙ ስም የለው፤ ከላይ የተጻፈው የእኔ ነው” ሲሉ መለሱለት። በቀን ማሽኑ የሚጽፋቸውን መቶ አርባ ዜናዎች እያዩ እንዲያጸድቁ ሌላ ሥራ ቢሰጣቸውም፣ መቶ አርባ ዜና በቀን ማንበብ የሚችል ሰው እንደሌለ ገልጸው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራቸውን ለቀቁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜያቸው በአንድ ጉዳይ አለቀ። በየማለዳው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ፎቶግራፉን ላወጡ የኢንተርኔት ገጾች ሁሉ ይጽፉ ነበር። ሰው አግኝተው፣ ዓይኑን አይተው፣ ቃሉን አድምጠው ማሳመን ይችሉበት ነበር። እዚህ ግን የሚያነጋግሩት አልነበረም። “መልእክትዎ ደርሶናል፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን” የሚል መልስ በሰከንድ ውስጥ ይመጣል፤ ሌላ ነገር አይመጣም። አንዱ ገጽ ሲያጠፋ ሌሎች ሁለት ያወጣሉ። ልጃቸው ደብዳቤዎቻቸውን አይታ፣

“አባዬ፣ የሚያነበው እኮ ማሽን ነው። ለማሽን ‘ከማክበር ሰላምታ ጋር’ አይባልም” አለቻቸው።

“ድንገት ሰው ካለበትስ?” አሏት።

ኮምፒውተር ሙያዋ ቢሆንም ልጃቸውም ከእሳቸው በላይ ማድረግ የምትችለው አልነበረም፤ ይህን መናገሩ ከብዷት ለብዙ ቀን ወጥ ቤት ሳትገባ ቀረች። ፋርማሲስቷ ራሷ “በቃ ይተዉት ጋሼ፣ እኔ ለምጄዋለሁ” ብላ ለመነቻቸው። በዚያ ጊዜ በከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ በአንድ የመድኃኒት መጋዘን ካርቶን ላይ ምልክት እየለጠፈች ትሠራ ነበር። ሥራውን የመረጠችው ፊቷን የሚያይ ደንበኛ ስለሌለበት ነው። እሳቸው አልተዉትም። ባለቤታቸውም ተው አላለቻቸውም፤ ልትል ይገባት እንደነበር እስከ ዛሬ አታውቅም።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ሕክምናቸውን በትዕግሥት ተከታተሉ፤ ሐኪሙ ያለውንም አስደግመው ጻፉ። በግንቦት ወር ሆስፒታል፣ ሦስት አልጋ ባለው ክፍል ውስጥ ተኝተው ሳለ እጃቸው መጻፍ ተወ። ልጃቸው በስልክ እንድትጽፍላቸው ቃል በቃል ይነግሯት ጀመር፤ ከሁለት መስመር በላይ ግን አቅም አልነበራቸውም።

በሰኔ ወር መጀመሪያ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ፋርማሲስቷ ልትጠይቃቸው መጣች። ከመግባቷ በፊት ልጃቸው ኮሪደር ላይ ፎቶግራፉን እንደገና አግኝታው ነበር፤ ብዙ ተከታይ ባለው ገጽ፣ ከሌላ አገር ወንጀል ጋር ተያይዞ። ፋርማሲስቷ፣ ልጃቸውና ባለቤታቸው ቆመው አዩት። ምን እንደሚሏቸው አልተመካከሩም። ገብተው በአልጋው ዙሪያ ተቀመጡ።

“ያ ነገር… እንዴት ሆነ?” አሏት።

“ጠፋ ጋሼ። የትም የለም። ትናንት ራሴ ፈልጌ አጣሁት” አለቻቸው።

እሳቸው ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

“እውነቷን ነው፤ እኔም አይቻለሁ” አለቻቸው።

“እሰይ” አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ፎቶግራፉ አልጠየቁም። ሁለት ቀን በሰላም ቆይተው፣ ሐሙስ ጠዋት በተወለዱ በስድሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ጋዜጠኛው ከባለቤታቸው ጋር ሠላሳ ሰባት ዓመት ኖረዋል። የኮምፒውተር ባለሙያ ሴት ልጅ፣ የጥርስ ሐኪም ወንድ ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ አንዲት ታላቅ እህትና በየዜና ክፍሉ የተበተኑ ያስተማሯቸው ልጆች ትተው አልፈዋል።

ይህ የሕይወት ታሪክ የተጻፈው በፋርማሲስቷ ፈቃድ ነው። እሷም ዛሬ በመካከላችን ተቀምጣለች። ፎቶግራፉ በእጃችሁ ባለው ስልክ ሊኖር ይችላል፤ የተባለባት ሁሉ ሐሰት ነው፤ ወንጀሉን ያጋለጠችው እሷ ናት። እባካችሁ አጥፉልን። ከዚህ በላይ የምንለምነው፣ የምንጽፍለትም የለንም።

ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን በዕረፍት ቦታ ይቀበልልን። እውነቱን እዚያ ደርሰው ሰምተው ከሆነ፣ የዋሸናቸውን እኛን ይቅር ይበሉን።